«የለም» ያለኝ ቀን

ሽቦን ወደ ግቢያችን ያስገባው ወንድሜ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እኔ ራሴ ለብዙ ወራት ዘንግቼው ስለነበር ነው።

አባታችን ከሞተ በኋላ ከጓሮ ያለችው ክፍል ባዶዋን ቀረች። እናቴ «ባዶ ክፍል ያስፈራኛል» ማለት ስታበዛ ወንድም ጋሼ ተከራይ አመጣልን። የአንድ የጭነት መኪና ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ስለሆነ ሰው አያጣም። ያመጣው ልጅ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ሽቦ ነው የሚሉት፤ ግማሹ ስለሙያው፣ ግማሹ ስለቁመናው። እዚያ ሥራ ያስገባውም ወንድሜ ነው።

«ጨዋ ልጅ ነው» አለን ወንድም ጋሼ ዕቃውን ሲያስገባለት። «እኔን ደግሞ እምቢ አይለኝም።»

የመጨረሻዋን ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። መነጽር ቤት እሠራለሁ፤ ሌንሱን በፍሬሙ ልክ እቆርጣለሁ፣ ጠርዙን እሞርዳለሁ። ቤት ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነን። እማዬ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ሆስፒታል ሄዳ እጥበት ታደርጋለች። የሚያደርሰን ሌላ አልነበረንም፤ የአባቴ አመድማ መኪና ብቻ። ከእኔ የምታንሰው በሁለት ዓመት ነው። አባቴ በመጨረሻው ሰሞን ቁልፏን ከትራሱ ሥር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ዕድሜ ልኩን ከመኪና ጋር የኖረው እሱ፣ የበኩር ልጁም እሱ። ምንም አላለም። ዝም ማለቱን ግን አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ንግግሩ ሁሉ አንድ ሆነ። «እማዬ እኔ ቤት ትምጣ። ለሆስፒታሉም ቅርብ ነው። አንቺ ሥራ አለሽ፣ መኪናዋ አርጅታለች፣ ብቻሽን አትችይውም።»

የእማዬም መልስ አንድ ነበር። «ከቤቴ እግሬን አላነሳም። ምራቴ ደግ ናት፤ ደግነቷ እንዲቆይ ግን እንግዳ ሆኜ ልቅር።»

ክርክሩ ሁሉ በዚያች መኪና ጎማ ላይ ነበር የቆመው። እሷ እስከሄደች ድረስ እማዬ በቤቷ ትኖራለች።

ሽቦ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁልፉን ሳዞረው መኪናዋ «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። ደገምኩ። ጠቅ። እማዬ ከኋላ ወንበር ሻርፗን ተከናንባ «አባትሽን እየጠራች ነው» አለችኝ። ሽቦ ፊቱን በፎጣ እያበሰ ከጓሮ ብቅ አለ።

«ኮፈኑን ክፈቺው።»

ከፈትኩት። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ማሰሪያውን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ተወዛወዘ።

«ቆሽሿል፣ ላልቷልም። ቀላል ነው። አንቺ ነሽ የምታስተካክዪው።»

«እኔ?»

«እኔ ብሠራው ዛሬ ትሄጃለሽ። አንቺ ብትሠሪው ሁልጊዜ ትሄጃለሽ።»

አሥር ቁጥር ቁልፍ አቀበለኝ። መጀመሪያ የመቀነስ ምልክት ያለበትን እንድፈታ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከዚያ ከወጥ ቤት ቤኪንግ ሶዳ አምጥቼ በሙቅ ውሃ በጥብጬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንድፈትገው ነገረኝ። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ነጩ ነገር አረፋ እየደፈቀ ሲለቅና ከሥሩ የእርሳስ ብረቱ ሲያበራ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ መኪናዋ ተነሳች።

እማዬ አንገቷን በመስኮት አውጥታ መረቀችው። «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው! እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ!»

እሱ አንገቱን ደፋ። አፈረ ብዬ አሰብኩ። ማፈሩስ አፍሮ ነበር፤ በምን እንዳፈረ ነው ያላወቅሁት።

በሚቀጥለው ዓርብ ሞተሩ እየዞረ አልነሳ አለ። ሽቦ ከመሪው ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፍቶ በእጅ ባትሪ አበራልኝና «ከጓደኞቹ የተለየውን ፈልጊ» አለኝ። አንዱ ከቦታው ወጣ ብሎ ነበር፤ በጣቴ ገፋሁት፣ ተነሳች። «መንገዱ አንገጫግጮት ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነዳጁን ወደሚለኩሰው ካንዴላ የሚሄድ ገመድ ወልቆ ተገኘ። እሱንም እኔው መለስኩት። ሆስፒታል ሁለት ጊዜ አርፍደን ደረስን፤ ነርሷ ተቆጣችን እንጂ የከፋ ነገር አልመጣም።

በእነዚህ ቀናት ሁሉ ወንድሜ ከምሳ በፊት ይደውል ነበር። «ዛሬም ቆመች አሉ?» ይለኛል።

እኔ እማዬ የነገረችው መሰለኝ። እማዬ ደግሞ እኔ የነገርኩት መሰላት።

ከዚያ ድንገት መኪናዋ ተሻላት። ወር ሙሉ አንዲት ቀን አልቆመችም። ትምህርቱ ግን አልቆመም። ቅዳሜ ከሰዓት የአባቴን አሮጌ ጃኬት ለብሼ እወጣለሁ፤ ሽቦ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ይመጣል። የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክ ቀየርኩ። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ ከግድግዳው ጋር አጋጭቼ አቧራውን አራገፍኩ። ሲጢጥ የሚለውን በር ሳሙና ቀባሁት። ዘይት በጨርቅ ጠርጎ መለካት፣ የጎማ ንፋስ ማየት፣ የተቃጠለ አምፖል ሳይሰበር መንቀል ተማርኩ። ሥራ ቦታ ደንበኞች ጥፍሬ ሥር የገባውን ጥቁር እያዩ ሌንሳቸውን በጥርጣሬ ይቀበሉኝ ጀመር።

እማዬ በረንዳ ላይ ሆና ትቀልዳለች። «የሰው ልጅ ቅዳሜ ጸጉሯን ትሠራለች፤ የእኔዋ ብሎን ትሠራለች።»

ሽቦ «መነጽር» ብሎ ነበር የሚጠራኝ። «መነጽር፣ አሥራ ሁለት ቁጥር።» «መነጽር፣ ወደ ግራ ነው የሚፈታው፤ እየቆለፍሽው ነው።» ስሳሳት አይቆጣም። ቁልፉን ከእጄ አይነጥቅም። ይጠብቃል። ሰው ሲጠብቀኝ ደስ እንደሚለኝ እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቢጫ የሆኑትን የፊት መብራቶች በጥርስ ሳሙና ስንፈትግ ዋልን። አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ።

«ዓይኗ ሞራ ለብሷል» አለኝ።

«እንግዲህ ይሄ የእኔ ሙያ ነው። ዘወር በል።»

ሁለታችንም ተንበርክከን እየፈተግን በመሃላችን ያለው ቦታ እየጠበበ መጣ። ስንጨርስ ውሃ አፍስሶ አጠባቸው። የእኔው ጠርቶ እንደ አዲስ አበራ፤ የእሱ ደመና ቀርቶበታል።

«በለጥሽኝ።»

«አስተማሪዬ ሰነፍ ስለሆነ ነው።»

አልሳቀም። እጄን ያዘ፤ ሁለታችንም ጣታችን በጥርስ ሳሙና ነጭ ነበር። ፊቴን አየ፣ መሬቱን አየ፣ እንደገና ፊቴን አየ።

«መነጽር፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ንገረኝ።»

የቧንቧው ጠብታ ባልዲው ውስጥ ሲወድቅ ይሰማኝ ነበር።

«ወድጄሻለሁ» አለ።

እኔም ወድጄው ስለነበር ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ሊነግረኝ የፈለገው ይሄን እንዳልነበረ፣ አንዱን ለመናገር አቅቶት ሌላውን እንደነገረኝ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ሁለተኛውም ግን ውሸት አልነበረም። የከፋኝም እሱ ነው።

ለእማዬ ስንነግራት «ዓይን የለኝም እንዴ? እስካሁን ምን ስትጠብቁ ነበር?» አለች። እንጋባለን፣ ከእማዬ ጋር እዚሁ እንኖራለን አልን። ወንድም ጋሼን በእሁድ ምሳ ላይ ነገርነው። ሹካውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና እኔን ሳይሆን ሽቦን ተመለከተው።

«አሁንማ እምቢ ማለት ተምረሃል» አለው።

ሁላችንም ሳቅን። ሽቦ ውሃ ጠጣ። እኔ የወንድምነት ቅናት ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት።

ከዚያ እሁድ በኋላ ያለው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። በማግሥቱ እማዬን ስለምወስድ፣ ሙቀቱም ስለጠና፣ ከሥራ ቀደም ብዬ ተመልሼ መኪናዋን መረመርኳት። ዘይት፣ ውሃ፣ ጎማ። ሽቦ አጠገቤ ነበር። ኮፈኑን ከመዝጋቴ በፊት እንዲህ አልኩት፦

«ሌላ የሚያሰጋ ነገር አለ? እማዬን ይዤ ነው የምወጣው። ካለ ንገረኝ።»

ሞተሩን አየው። እጁ ሄዶ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚገባው የላይኛው የጎማ ቱቦ ላይ አረፈ። እንደ ታመመ ሰው ግንባር ያዘው። ከዚያ እጁን አነሳ።

«የለም» አለኝ።

ኮፈኑን ዘጋሁት።

በማግሥቱ ከወንዙ በላይ ያለው ረጅሙ ድልድይ መሃል ላይ ስንደርስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ከኋላችን ጥሩምባው ቀለጠ። ወርጄ ለታክሲ እጄን አወዛወዝኩ፤ ድልድዩ ላይ መቆም ክልክል ስለሆነ ሁሉም እያየን አለፈ። ሽቦ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ እሱም አያነሳም።

እማዬ እግሯ አብጦ ጫማዋን አውልቃለች። ከማክሰኞ ወዲህ ሰውነቷ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ትንፋሿን ቆራረጦታል።

«ምን ሆነች?» አለችኝ።

«ውሃዋ ፈሰሰ እማዬ።»

«ታድላ። የእኔው እምቢ ብሎ» አለችና ልትስቅ ስትል ሳል ያዛት።

አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ የተማርኩትን ሠራሁ። ሞተሩ እስኪበርድ ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅሁ። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። የላይኛው ቱቦ ከማሰሪያው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተተርትሯል። የተተረተረውን ጫፍ በቢላዋ ቆርጬ ጣልኩ፤ የቀረውን ጎትቼ መልሼ አስገባሁት፣ ማሰሪያውን በካቻቢቴ አጠበቅሁ፣ ከዕቃ መጫኛው በጀሪካን የያዝኩትን ውሃ ሞላሁ። ሳስነሳት ተነሳች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። የጣልኩትን ቁራጭ ጎማ ከአስፋልቱ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለሽቦ ላሳየው ነበር። ብቻዬን እንደሠራሁት እንዲያይልኝ፣ እንዲኮራብኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሁለት ሰዓት አርፍደን ነበር። የእማዬ ማሽን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ከንፈሯ ጠቆረ። ሳንባዋ ውሃ ይዟል አሉኝ። ኦክስጅን አድርገው፣ ሌላ ማሽን አስለቅቀው እየሮጡ አስገቧት፤ እኔ በሩ ላይ ጫማዋን ይዤ ቀረሁ።

ከሞት ተረፈች፤ ግን አስተኟት።

ቅዳሜ ጠዋት ለግማሽ ቀን ሥራ ገባሁ። ቦርሳዬን ስከፍት ጎማው ወጣ። አርጅቶ ከሆነ ለምን እንዲህ ቀጥ ብሎ ተቀደደ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያረጀ ጎማ እንደ ተረከዝ ነው፤ በብዙ ቦታ ይሰነጣጠቃል። ይሄ አንዲት መስመር ብቻ ነው ያለው። የሌንስ ጠርዝ የምመረምርበት ማጉያ ሥር አስቀመጥኩት።

ቀኑን ሙሉ ጠርዝ ነው የማየው። በማሽን የተቆረጠውን፣ በእጅ የተሞረደውን፣ ወድቆ የተሰበረውን ለይቼ አውቃለሁ። የቱቦው ግድግዳ ከውጭ እስከ ግማሹ ድረስ በስለት የተቆረጠ ነበር፤ ልሙጥ፣ ቀጥ ያለ፣ የመንገድ አቧራና ዘይት የጠጣ። የቀረው የውስጡ ግማሽ ደግሞ ተቦጭቆ የተቀደደ፣ ንጹህ፣ የትናንት። አንድ ሰው ከሳምንታት በፊት እስከ ግማሽ ቆርጦ ትቶታል። ሌላውን ሙቀቱ ጨረሰው።

ማጉያውን አጠፋሁ። እንደገና አበራሁት። ያው ነው።

«ዛሬም ቆመች አሉ?» የሚለው የወንድሜ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ማን ነው «አሉ»? ከእኔና ከእማዬ ሌላ ግቢ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሽቦን ክፍሉ በር ላይ ሸሚዝ ሲያጥብ አገኘሁት። እማዬ እንዴት እንዳደረች ሊጠይቀኝ ብድግ አለ። ጎማውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩለት።

አየው። እጁን አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት አደረቀ።

«መቼ አወቅሽ?» አለኝ።

«አሁን፤ ፊትህን ሳየው።»

ወደ ውስጥ ሊገባ ብሎ ተወው። «ወንድምሽ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያለኝ። እንድትሰለቺ። መኪናዋ መንገድ ላይ እንድትቆም አይደለም፤ ከግቢ እንዳትወጣ ብቻ። ‹እናቴን ለማዳን ነው› አለኝ። እንጀራ ያበላኝ እሱ ነው…»

«ወንድሜን ተወው። ባትሪውን ያላላው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ፊውዙን?»

«እኔ።»

«ገመዱን?»

አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ቱቦውን እስከ ግማሽ ቆረጥኩት፤ ግቢ ውስጥ እንዲያንጠባጥብ ነበር። አላንጠባጠበም። ከዚያ አንቺን ወደድኩ። ለወንድምሽ በቃኝ አልኩት፤ ሁሉንም ተውኩ።»

«ቱቦው ግን እዚያው ነበር።»

ከአልጋው ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ቱቦ አወጣ። «ከገዛሁት ወር አልፎታል።»

ይሄን ባያሳየኝ ይሻል ነበር። ረስቶት ቢሆን ኖሮ እንደ ምንም አድርጌ ልረዳው እችል ይሆናል። አልረሳውም። ወር ሙሉ በላዩ ላይ ሲተኛበት ነበር።

«ለምን አልቀየርከውም?»

«‹ደህናውን ለምን ትቀይረዋለህ?› ብትዪኝ የምመልሰው አጣሁ። አንድ ቀን ሥራ ስትሄጂ እቀይረዋለሁ እል ነበር። ግን መኪናዋን ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ነገ፣ ነገ እያልኩ…»

«ሐሙስ ጠየቅሁህ።»

«አዎ።»

«እማዬን ይዤ ነው የምወጣው አልኩህ።»

«አዎ።»

«ምን አልከኝ?»

ዓይኑን ወደ ጎማው መለሰ።

«ምን አልከኝ! በአፍህ በለው!»

«የለም አልኩሽ» አለ። እንባው ወረደ። የእኔ አልወረደም፤ የእኔን ድልድዩ ላይ ጨርሼዋለሁ።

«ትወጂኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለኝ። ተሳስቶ ነው፤ «ትጠዪኛለሽ ብዬ» ሊል ነበር። አላረመውም። እኔም አላረምኩትም።

«ክፍሏን ልቀቅልን» አልኩት። «ያንን ቱቦ ደግሞ ይዘኸው ሂድ። እጅህ የእናቴን መኪና ከእንግዲህ አይነካም።»

ወንድሜን ያገኘሁት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ለእማዬ ንጹህ አንሶላ ይዞ መጥቷል። የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። አልካደም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንሶላውን ጭኑ ላይ አቀፈው።

«ትንሽ እንድታስቸግርሽ እንጂ… ቱቦ ቁረጥ አላልኩትም። እናቴ አይደለችም እንዴ? እኔ እናቴን…»

«አንተ ቤት እንድትገባ ብለህ መቃብር ልታስገባት ነበር።»

«አባባ ቁልፉን ሲሰጥሽ እዚያው ቆሜ ነበር» አለ በቀስታ። «አርባ ዓመት ልጁ ሆኜ፣ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ‹አንተስ?› አላለኝም። ከዚያ በኋላ ብቻሽን እንደማትችዪ ላሳያችሁ ፈለግሁ። ለማን እንደማሳይ አላውቅም። እሱ ሞቷል።»

አሳዘነኝ። ማዘኔ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የእማዬ ድምፅ ከውስጥ መጣ፦ «ሁለታችሁም ግቡ።»

ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ ገለል አድርጋ ወንድሜን አየችው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ» አለች። «ሌላው ሰው ፈረሱን ገዝቶ ነው። እኔ አምጬ ወለድኩት።»

ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እማዬ ጸጉሩን ዳሰሰችው። «ይበቃሃል፣ ተነስ። ቤትህ እመጣለሁ። ለምሳ። ምሳዬን በልቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ የምታደርሰኝም እሷ ናት።»

ወደ እኔ ዞራ «ያኛውስ?» አለችኝ።

«ይሄዳል» አልኳት።

«ይሂድ» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እኔም ወድጄው ነበር» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። በዚያ ሁሉ ቀን እናቴ ልቧ እንደ ተጎዳ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሁድ ከመለዋወጫ ሱቅ የራሴን ቱቦ ገዝቼ መጣሁና ግቢ ውስጥ መቀየር ጀመርኩ። ሽቦ ካርቶኑን እያሰረ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እንደሚያየኝ ይታወቀኛል፤ ዞር አላልኩም። አዲሱን አስገባሁ፤ ማሰሪያውን በንዴት ጠመዘዝኩት፣ ጠመዘዝኩት።

«ትንሽ መልሺው» አለ ከሩቅ። «ከዚህ በላይ ካጠበቅሽው ጎማውን ይበላዋል።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ነበር። ካቻቢቴውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር መለስኩት። ከመሄዱ በፊት የሰማሁት የመጨረሻ ቃሉ ያ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ጠርጎ፣ ቁልፉን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ትቶ ወጣ። ጋራዡንም እንደለቀቀ፣ ሌላ ከተማ እንደገባ ሰው ነገረኝ።

ብዙ ወር የረባ እንቅልፍ አልተኛሁም። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር፤ ብልሽቱን ሳይሆን የሰው እጅ ነበር የምፈልገው። እያንዳንዱን የላላ ብሎን በማጉያ አየሁት። ዝገት ዝገት መሆኑን፣ እርጅና እርጅና መሆኑን እንደገና ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ሰውን ለማመን የወሰደብኝ ከዚያ ይበልጣል። አንድ ሁለት ጥሩ ሰዎች መጥተው ነበር፤ «የምትደብቀኝ ነገር አለ?» እያልኩ እየጠየቅሁ አባረርኳቸው። «የለም» ሲሉኝ ጆሮዬ አይቀበልም።

ከወንድሜ ጋር ታረቅን፤ ሙሉ ለሙሉ ግን አይደለም። እማዬ ግን እንዳለችው ምሳዋን እየበላች ተመለሰች። በቤቷ፣ በአልጋዋ ላይ አራት ዓመት ኖረች። ማክሰኞና ዓርብ አንድም ቀን አላረፈደችም። ስትሞት እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሽቦ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ከሰዎች መሃል፣ በሩ አጠገብ ካለ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጆሮ ግንዱ ላይ ጥቂት ሽበት አውጥቷል። ሰው ሲቀንስ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ።

«አሜን።»

እስከ በሩ ሸኘሁት። ግቢውን ስናቋርጥ መኪናዋ አጠገብ አለፍን፤ አንገቱን አላዞረም።

«በቤቷ ነው የሞተችው?» አለኝ።

«በቤቷ።»

ትከሻው ትንሽ ወረደ፤ አራት ዓመት የተሸከመውን ያወረደ ይመስል። በሩ ጋ ቆምን።

«አገባህ?» አልኩት።

«አላገባሁም። አንቺስ?»

«እኔም አላገባሁም።»

መንገዱ ላይ ሰዎች ወንበር ተሸክመው አለፉ። እስኪያልፉ ጠበቅን። ካለፉም በኋላ ቆመን ቀረን። አፉን ከፈተ፤ ዓይኔን አየ፣ እጄን አየ፣ እንደገና ዓይኔን አየ። ከዚያ አፉን መልሶ ዘጋው።

«ደህና ሁኚ፣ መነጽር።»

«ደህና ሁን።»

መታጠፊያው ጋ እስኪደርስ ዞር ሳይል ሄደ። ቢጠይቀኝ ኖሮ እምቢ እለው ነበር፤ ይህን እንደ ስሜ አውቃለሁ። ግን ሳይጠይቀኝ ሄደ፤ በሩን ይዤ ቆሜ፣ ለዚህም ደግሞ ከፋኝ።